ከተማው ነው ወይስ መንበሩ? ሦስት ቀናት በእስክንድርያ

በምዕራፍ ሦስት ረቂቄ ኅዳግ ላይ አማካሪዬ በእርሳስ የጻፉት ጥያቄ አራት ቃል ብቻ ነበር፤ «ከተማው ነው ወይስ መንበሩ?»። የተጻፈው አንድ ካርታ ከሰፈረበት ገጽ ግርጌ ነው። ካርታው ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ጳጳስ ለማምጣት ከኢትዮጵያ ወደ ግብፅ የተላኩ መልእክተኞች የተጓዙበትን መንገድ የሚያሳይ ሲሆን፣ መስመሩ የሚያበቃው በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ነበር። በመስመሩ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አኑሬ ከጎኑ «እስክንድርያ» ብዬ ጽፌያለሁ። የግእዝ ምንጮቼ ሊቀ ጳጳሳቱን ሲጠሩ «ዘእለ እስክንድርያ» ስለሚሉ የአማካሪዬን ጥያቄ የቃላት ማጥራት አድርጌ ቆጥሬ አለፍሁት። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር በዚያችው ከተማ በተዘጋጀ የጥንታዊ ጽሑፎች ዐውደ ጥናት ላይ የመሳተፍ ዕድል ሳገኝም ጉዞውን ያሰብሁት ለካርታው ማጽኛ ነበር።

ሌላም አደራ ነበረብኝ። በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። የምሄድበትን አገር ሲሰሙ «ማርቆስን ተሳለምልኝ፤ ድሜጥሮስ የተቀመጠበትንም አይተህ ንገረኝ» አሉኝ። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው። የተሾመው በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ትውፊቱ የሚለው አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቁጥር በሱባኤ ተገለጠለት ነው። 23 ሱባኤ 161 ቀን ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 ሱባኤ 49 ቀን ይሆናል፤ 30ው ሲነሣለት 19 ይተርፋል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። እኔ ይህን በቃሌ የያዝሁት ግብፅ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለች እንኳ ከማወቄ በፊት ነው። ስለዚህ እስክንድርያ ለእኔ በመጀመሪያ ከተማ ሳትሆን የሒሳብ መነሻ ነበረች።

ዐውደ ጥናቱ ረቡዕ ተጠናቀቀ። እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ ሦስት ቀናት ተረፉኝ። በግሪክኛ የድንጋይ ላይ ጽሑፎች የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራ አንዲት የከተማዋ ተወላጅ አብራኝ ልትዞር ፈቀደች። ወራቱ የባሕሩ ማዕበል የሚበረታበት ነው። የእስክንድርያ ሰዎች ለእያንዳንዱ የክረምታቸው ማዕበል ስምና ቀን አላቸው፤ ገበሬያችን ዝናቡን በየበዓሉ ስም እንደሚጠራው ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት በባሕሩ ዳር በተዘረጋው ረጅም መንገድ ስንጓዝ ውኃው ግንቡን እየዘለለ አስፋልቱን ያጥበው ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቃይትባይ ምሽግ ነው። ከዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የነበረው የፋሮስ መብራት ቤት የቆመው እዚህ ነው። ታላቁ እስክንድር ከተማዋን በ331 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲመሠርት ፋሮስ ከባሕሩ ዳር የተለየች ደሴት ነበረች፤ ኋላ በድልድይ ተያያዘች፤ ድልድዩም በደለል ሰፍቶ ዛሬ ሰፈር ሆኗል። ከ100 ሜትር በላይ ይረዝም የነበረው መብራት ቤት በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ተሠርቶ፣ በመጨረሻም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተከታታይ በደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ወደቀ። ኢብን ባጡታ በ1326 እ.ኤ.አ. ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ ግን ሊገባበት የሚችል በር እንኳ አላገኘም። ሱልጣን ቃይትባይ ምሽጉን በ1470ዎቹ መጨረሻ በዚያው መሠረት ላይ አሠራ። ከ1994 ጀምሮ ፈረንሳዊው የቁፋሮ ሊቅ ዣን ኢቭ ኤምፔሬርና ባልደረቦቹ ከምሽጉ ሥር በባሕሩ ወለል ላይ የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የሕንጻና የሐውልት ድንጋዮችን መዝግበዋል። ቱሪስቱ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ምሽጉን ነው፤ ሊያየው የመጣው ነገር ያለው ግን ከእግሩ በታች በውኃ ውስጥ ነው። በዚያን ጠዋት ይህ ነገር አልከነከነኝም። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁት «ነፋስ፤ ሁለት ሰዓት» የሚል ብቻ ነው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ካርሙዝ በሚባለው ድኻ ሰፈር፣ በመኖሪያ ሕንጻዎች መካከል ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ አለ። በጉብታው ላይ ከአስዋን ቀይ ጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለ አንድ ዓምድ ቆሟል፤ ከነመሠረቱና ከነጉልላቱ 27 ሜትር ያህል ይረዝማል። ግንዱ ብቻውን ከ20 ሜትር በላይ የሆነ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሰው በቁመቱ ብዙም አይደነቅም፤ ክብነቱና ልስላሴው ግን ያስገርማል። ዓለም የሚያውቀው «የፖምፔ ዓምድ» በሚል ስም ነው። ፖምፔ በዩልዮስ ቄሳር ድል ተነሥቶ ወደ ግብፅ ሲሸሽ በ48 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገደለው የሮም ጦር መሪ ሲሆን፣ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን መንገደኞች የተቆረጠው ራሱ በዓምዱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ዓምዱ የተተከለው ፖምፔ ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በመሠረቱ ድንጋይ አንድ ጎን ላይ ጊዜ የበላው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ባልደረባዬ ጣቷን ከድንጋዩ ሳታስነካ፣ በአየር ላይ እየተከተለች መስመር በመስመር አነበበችልኝ። ዓምዱን ያቆመው የግብፅ አገረ ገዥ ነው፤ የቆመለት ደግሞ የማይሸነፍ እየተባለ የሚወደሰው፣ የከተማዋ ጠባቂ የተባለ ንጉሠ ነገሥት ነው። ስሙን ስትጠራው ለጊዜው የማላውቀው ሰው መሰለኝ። እንደገና እንድትለው ጠየቅኋት። ዲዮቅልጥያኖስ ነበር።

ለግእዝ አንባቢ ይህ ስም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በስንክሳሩ ገጾች ላይ የሰማዕታት ደም የሚፈሰው በእርሱ ትእዛዝ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ «ተፍጻሜተ ሰማዕት» የተባለው እርሱ የጀመረው ስደት ሊያበቃ ሲል፣ በ311 እ.ኤ.አ. አንገቱ በመቆረጡ ነው፤ ኅዳር 29 እናስበዋለን። ከዚህም በላይ «ዓመተ ሰማዕታት» የምንለው አቆጣጠር የሚነሣው ከእርሱ ንግሥ ዘመን፣ ከ284 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመተ ሰማዕታት የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ባገኘሁ ቁጥር 276 ደምሬ ወደ ዓመተ ምሕረት እመልሰዋለሁ። ይህን ድምር ስንት ጊዜ እንደደመርሁ አላውቅም። አንድም ጊዜ ግን ከቁጥሩ በስተኋላ ሰው፣ ከሰውየውም በስተኋላ ድንጋይ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።

ዓምዱ የቆመበት ምክንያትም የከተማዋን ታሪክ ያመለክታል። በ297 እ.ኤ.አ. ግብፅ በሮም ላይ ዐመፀች። ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ መጥቶ እስክንድርያን ለወራት ከበባት፤ በ298 ያዛት። ከዚያ በኋላ የተሸነፈችው ከተማ አሸናፊዋን «ጠባቂዬ» ብላ ዓምድ ተከለችለት። ክርስቲያኖቹን ማሳደድ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ303 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከስደቱ ሳይሆን ከንግሡ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ስደቱ መጀመሪያ ያለው ጊዜ 19 ዓመት ነው፤ የአንድ ንዑስ ቀመር ዕድሜ። ይህ ግጥጥሞሽ ብቻ ነው፤ የኔታ ቢሰሙት ግን ዝም ብለው የሚያልፉት አይመስለኝም።

አቆጣጠሩ በመጀመሪያ «የዲዮቅልጥያኖስ ዓመት» ይባል ነበር። የእስክንድርያ አባቶች የፋሲካቸውን ሰንጠረዥ ያወጡ የነበሩትም በዚሁ ነው። በ525 ዲዮናስዮስ የተባለ በሮም የሚኖር መነኩሴ ያንን ሰንጠረዥ ሲቀጥል የአሳዳጁን ስም ማስታወስ አልፈልግም ብሎ በክርስቶስ ልደት ቆጠረ፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት አቆጣጠር ከዚያ መጣ። ግብፃውያኑ ግን ቁጥሩን ሳይነኩ ስሙን ብቻ ከገዳዩ ወስደው ለተገደሉት ሰጡ። እኛም የወረስነው ይህንን ነው። እንደ እኔ አስተያየት ከሁለቱ መፍትሔዎች የግብፃውያኑ ይበልጥ ብልህ ነው፤ የሒሳቡን ሰንሰለት ሳይበጥስ ፍርዱን ሰጥቷልና።

ጉብታው ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ከክርስትና በፊት የሴራፒስ ቤተ መቅደስ፣ ሴራፔዩም፣ የቆመው እዚህ ነበር። የታላቁ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ የነበረው የመጻሕፍት ስብስብም በዚሁ ግቢ ነበር። ቤተ መቅደሱ በሊቀ ጳጳሳቱ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ391 ገደማ ፈረሰ። ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ሦስተኛው በጥሊሞስ ነው። ባልደረባዬ ይህን ስትነግረኝ «እርሱንስ እናውቀዋለን» አልኋት፤ አላመነችኝም። የሦስተኛው በጥሊሞስ የድል ጽሑፍ በግሪክኛ ተቀርጾበት የነበረ ድንጋይ በአዱሊስ ወደባችን ቆሞ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ተገኝቶ ጽሑፉን ገለበጠው። ድንጋዩ ዛሬ የለም። ንባቡን የምናውቀው ነጋዴው በመጽሐፉ ስላስቀረው ብቻ ነው። ነጋዴው ደግሞ የእስክንድርያ ሰው ነበር።

ስለዚህ የዚያ ንጉሥ ቤተ መቅደስ በእስክንድርያ ፈረሰ፤ ድንጋዩ በአዱሊስ ጠፋ፤ ቃሉ በአንድ መንገደኛ ግልባጭ ተረፈ። ተገላቢጦሹም አለ። በትግራይ፣ በኡራ መስቀል በተገኘና ተመራማሪዎች «የአክሱም ስብስብ» በሚሉት ጥንታዊ ብራና ውስጥ የእስክንድርያ ኤጲስ ቆጶሳት ታሪክ አለ። ሊቃነ ጳጳሳቱ የሾሟቸውን ኤጲስ ቆጶሳትና አህጉረ ስብከታቸውን የሚዘረዝር ነው። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ሲሆን፣ የግሪክኛው መነሻ ጽሑፍ ጠፍቷል። አሌሳንድሮ ባውሲና አልቤርቶ ካምፕላኒ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። እስክንድርያ የራሷን ሹመት መዝገብ አጥታ ከእኛ ተራራ ላይ ትፈልገዋለች። ይህን ስነግራት ባልደረባዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የብራናውን ቦታ ስም እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። በፊደል ጻፍሁላት፤ ከሥሩም ንባቡን በዐረብኛ ፊደል ራሷ አስቀመጠች።

ከዓምዱ ወርደን በቅርቡ ወዳለው ኮም አሽ ሹቃፋ ሄድን። ትርጉሙ «የሸክላ ስባሪ ጉብታ» ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. አንድ አህያ መሬቱ ከድቷት ስትገባ የተገኘ የ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የምድር ውስጥ መቃብር ነው። ጉድጓዱን እየዞረ በሚወርደው ደረጃ ሲወረድ ዘመዶች ለሟቻቸው ተዝካር ይበሉበት የነበረ አዳራሽ ይገኛል። ከዚያም ዝቅ ሲባል የውሻ ራስ ያለው የግብፅ አምላክ አኑቢስ የሮም ወታደር ጥሩር ለብሶ በር ይጠብቃል። ለባህል መወራረስ ጥናት ግሩም ምሳሌ ነው። እኔ ግን ልቤ ከዓምዱ ሥር ስለቀረ ብዙም አላየሁትም።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ የትራም መነሻ ወደሆነው ራምል ጣቢያ መጣን። «የክሌዎፓትራ መርፌዎች» የተባሉት ሁለት ሐውልቶች እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ ነበሩ፤ አንዱ በ1878 ለንደን፣ ሌላው በ1881 ኒው ዮርክ ተተክሏል። ክሌዎፓትራ ከመወለዷ ከ1000 ዓመት በላይ አስቀድሞ ሦስተኛው ቱትሞስ በሄልዮፖሊስ ያቆማቸው ሲሆኑ፣ ወደ እስክንድርያ የመጡትም እርሷ ከሞተች በኋላ ነው። ሐውልቶቹ የቆሙት በቄሳሮች ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት ነበር። ያ ቤተ መቅደስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋ ዋና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህም የአትናቴዎስ ዘመን ነው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ቀብቶ ወደ አክሱም የላካቸው አትናቴዎስ።

በ356 ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ በምትኩ ጊዮርጊስ የተባለውን ሲያስቀምጥ፣ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ስለተሾመ ሃይማኖቱ ይመረመር ዘንድ ወደ እስክንድርያ ይላክ የሚል ነው። ደብዳቤው የተረፈው ተከሳሹ አትናቴዎስ ራሱ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። ያ ሁሉ ክርክር በተካሄደበት ሰፈር ዛሬ ትራም ይጠበቃል፤ ቡና ይጠጣል። የቆመ ድንጋይ የለም። እኛም ቡና ጠጣን።

ከራምል ብዙም ሳይርቅ ኮም አድ ዲካ አለ። ከ1960 ጀምሮ የፖላንድ ተመራማሪዎች ሲቆፍሩት የቆየ ስፍራ ነው። አስጎብኚዎች ሁሉ ወደ እብነ በረድ መቀመጫ ወዳለው ትንሽ ቲያትር ይወስዳሉ። የእኛን ዓይነት ሰው የሚይዘው ግን ከቲያትሩ ጎን የተደረደሩት ክፍሎች ናቸው። ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያገለገሉ ከ20 የማያንሱ የትምህርት አዳራሾች ተገኝተዋል። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ግድግዳውን ተከትለው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠሩ የድንጋይ መደቦች አሉት። በመካከለኛው ጎን፣ ከተማሪዎቹ ከፍ ብሎ በደረጃ የሚወጡበት የመምህሩ ወንበር አለ። ከወንበሩ ፊት ለፊት በወለሉ ላይ አንድ ዝቅተኛ ድንጋይ ተተክሏል፤ ተማሪው ቆሞ የሚናገርበት እንደነበር ይገመታል።

ጥበቃው ወዲያ ሲዞር (ይህን በዚህ መጽሔት መናዘዜ ነው) በመደቡ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ መሐል ላይ ያለው ድንጋይም እንዲሁ። የኔታ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ቀጽል!» ሲሉኝ ቆሜ የምቀጽልበት የአፈር ወለል ታወሰኝ። ተመሳሳይነቱን የታሪክ ማስረጃ አላደርገውም፤ መምህር ከፍ ብሎ፣ ተማሪ ዙሪያውን ከቦ መማር በየአገሩ ያለ ነገር ነው። የተሰማኝ ሌላ ነበር። በዚያ መሐል ድንጋይ ላይ ቆሜ ምዕራፍ ሦስትን እንዳቀርብ ብጠየቅ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን አወቅሁት። አራት ቃል ነው።

ከቀትር በኋላ አዲሱን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ጎበኘን። በ2002 የተከፈተ፣ ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ግዙፍ ክብ ሕንጻ ነው። ንባብ ቤቱ ደረጃ በደረጃ እየወረደ 2000 ያህል አንባቢ ይይዛል። ጥሩ ነው፤ ሞቅም ይላል። ምሽት ሲቃረብ ባልደረባዬን ተሰናብቼ ብቻዬን ወደ ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል አቀናሁ።

በ2017 እ.ኤ.አ. የሆሳዕና ዕለት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል፤ ስለዚህ ፍተሻው ጥብቅ ነው። ፓስፖርቴን የተቀበለው ሽማግሌ ጥበቃ «ሐበሺ» ብሎ ፈገግ አለ። የአሁኑ ሕንጻ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። የወንጌላዊው ዐፅም በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች እንደወሰዱት ይነገራል። ውስጡ ዕጣን ዕጣን ይላል፤ የጥምቀት ዋዜማ ስለነበረ ሰው እየሞላ ነበር። ተንበርክኬ የኔታን አደራ አደረስሁ። ስወጣ ጥበቃውን በሰባራ ዐረብኛዬ ፓትርያርኩ የሚቀመጡት በየትኛው ሕንጻ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀ። «እዚህ አይደለም፤ ካይሮ ነው። ድሮም ካይሮ ነው» አለኝ።

አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። መንበሩ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሊቀ ጳጳሳቱ ክርስቶዶሉስ ዘመን ወደ ካይሮ እንደተዛወረ በገዛ ምዕራፌ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ጽፌያለሁ። የጻፍሁትን ግን ወደ ካርታው አላሻገርሁትም። ማስታወሻው በገጹ ግርጌ፣ ቀዩ ነጥብ በገጹ ራስ ላይ እርስ በርስ ሳይተያዩ ይኖሩ ነበር። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270ዎቹ ጳጳስ ፈልገው የጻፉት ለሱልጣን ባይባርስ ነው፤ ደብዳቤው በየመን ገዥ በኩል አልፎ የደረሰው ካይሮ ነው። ሱልጣኑም ፓትርያርኩም በአንድ ከተማ ነበሩ። በዚያ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዐይዛብ ወደብ የሚወርድ መንገደኛ በረሃውን አቋርጦ ቁስ ላይ ከዓባይ ይገናኛል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ካይሮ ይወርዳል። መልእክተኞቹ ሜዲትራንያንን ለማየት የሚያስገድዳቸው ጉዳይ አልነበራቸውም። የጉዞውን ርዝመት፣ ወጪውንና መልስ የሚመጣበትን ወራት ያሰላሁት ግን እስከ ባሕሩ ድረስ ወስጄያቸው ነው።

የፖምፔ ዓምድ የፖምፔ አለመሆኑን ሰምቼ በቱሪስቱ የዋህነት ፈገግ ያልሁት ከአንድ ቀን በፊት ነው። የእኔ ስሕተት ከዚያ በምን ይሻላል? «እለ እስክንድርያ» በግእዙ መጽሐፍ የሥልጣን ስም ነው፤ እኔ የአድራሻ ስም አድርጌ አነበብሁት።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ካርታውን አወጣሁ፤ በካርታው ላይ የተመሠረቱት ሁለት ንኡስ ክፍሎችም አብረው ወጡ። የመመረቂያ ጽሑፌ መከላከያ በአንድ መንፈቅ ዓመት ተላለፈ። አማካሪዬ የወጡትን ገጾች ሲያዩ ምንም አላሉም፤ እርሳሳቸውን አንሥተው የኅዳጉን ጥያቄ ሰረዙት።

ያን ምሽት ግን ገና በካቴድራሉ ደጅ ነበርሁ። በጥበቃው ክፍል ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። በዐረብኛ ጦባ 10፣ 1741 ይላል። ለወራቸው ስም ጥርን፣ ለዓመታቸው 276 ጨምሬ ሳነበው ጥር 10፣ 2017 ሆነ። ወደ የኔታ ደወልሁ፤ ልጃቸው አንሥታ ሰጠችልኝ።

«ማርቆስን ተሳለምህልኝ?» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

«ተሳልሜልዎታለሁ፣ የኔታ።»

«ድሜጥሮስ የተቀመጠበትስ?»

የዚያ ዘመን ሕንጻ እንደሌለ፣ መንበሩም ከተዛወረ ዘመን እንደተቆጠረ ነገርኋቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን «ነነዌያቸው መቼ ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። የቀን መቁጠሪያውን ቀጣይ ገጽ ጥበቃው ገልጦ አሳየኝ።

«አምሺር 3፤ የካቲት 3 ማለት ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ በዝግታ «መጥቅዕ 29። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4፤ 33። 30ው ሲነሣ 3። አዎን፣ የካቲት 3» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ባሕሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይታያል?» አሉኝ።

«አይታይም፣ የኔታ። ሕንጻው ጋርዶታል።»

«እኔስ የሚታይ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «በል፣ የሰው አገር ስልክ ገንዘብ ይበላል፤ ከተራውን በሰላም ያሳድርህ» ብለውም ስልኩን ለልጃቸው መለሱት።